መንገድ የዘጋው የፔንካ ወይን

ዕለቱ የቅዱስ ትሪፎን ቀን ነበር፤ በአሰኖቭግራድ ከተማ ወይን ያለው ወንድ ሁሉ ብርዱን ረስቶ መቀስና ወይን ጠጅ ይዞ የሚወጣበት የየካቲት ጠዋት። ጋሽ ሃራላምፒም የእንጨት ኮዳቸውን በቀይ ወይን ጠጅ ሞልተው፣ የመግረዣ መቀሳቸውን በካፖርታቸው ኪስ ሸጉጠው የግቢያቸውን በር ገርበብ ሲያደርጉ፣ አንዲት የማያውቋት ወጣት በእግረኛው መንገድ ላይ ከወይናቸው ሐረግ ጋር ግብግብ ገጥማ አገኟት። ሐረጉ የሱፍ ቆቧን ከራሷ ላይ መንጭቆ ወስዶ ሰቅሎታል። ልጅቱ ትዘላለች፣ ቆቡ ይወዛወዛል፣ እጇ ግን አይደርስም።

ጋሽ ሃራላምፒ ሳቃቸው መጣ። «ተይው ልጄ፣ አትድከሚ። ይሄ ወይን ቆንጆ ሲያይ አያስችለውም።»

«ያስችለው እንጂ አባባ!» አለች ልጅቱ፤ መሳቅም መናደድም አምሯታል። «እኔ ቆቤን ነው የተነጠቅኩት። ዓይኑን የሚወጋው ሰውስ?»

ሽማግሌው በከዘራቸው ሳብ አድርገው ቆቡን አወረዱና አራግፈው ሰጧት። ነገሩ በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ልጅቱ ግን ቆቧን አጥልቃ በመሄድ ፈንታ አንገቷን አንጋጣ ወይኑን ከሥር እስከ ጫፍ ትመረምር ጀመር።

መቼም የሚመረመር ነገር ነበረው። ይህን ወይን ከበሩ ጥግ የተከለችው የጋሽ ሃራላምፒ ባለቤት ፔንካ ናት፤ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ከእናቷ ደጅ የቆረጠችውን ቀንበጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛው የመጣችው ነው። በብረት ቋሚዎች ተደግፎ ከእግረኛው መንገድ በላይ ጣራ ሆኖ ኖረ። ፔንካ ከሞተች ወዲህ ግን ልጓም እንደ ፈታ ፈረስ ሆኗል። ግማሹ ወደ መንገድ መብራቱ ምሰሶ ወጥቶ አምፖሉን አንቆታል፤ ግማሹ እግረኛ የሚሻገርበትን ምልክት ሸፍኖታል፤ የቀረው ደግሞ እስከ መሬት ተዘርፍጧል። ከግንዱ ሥር የፈላውም ቀንበጥ የድንጋይ ንጣፉን እንደ መጥረጊያ ሞልቶታል። ልጅ በጋሪ የምትገፋ እናት እዚያ ስትደርስ ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች፤ መኪናው ጡሩምባውን ይነፋል፤ እሷም ትሳደባለች። ጋሽ ሃራላምፒ ይህን ሁሉ ከመስኮታቸው ያያሉ፤ የሚያሳዝናቸው ግን ወይኑ መሰደቡ ነው።

«የእርስዎ ነው?» አለች ልጅቱ።

«የባለቤቴ ነው።»

«ታዲያ ባለቤትዎን ላነጋግራቸው?»

«እዚያ ላይ ናት» አሉ፤ በከዘራቸው ኮረብታውን፣ የመቃብሩን ቦታ እያመለከቱ። «ከቻልሽ አነጋግሪያት።»

ልጅቱ ደነገጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። አላወቅኩም፤ ነፍስ ይማር።» ትንሽ ቆይታም፣ «ካሊና እባላለሁ። የማዘጋጃ ቤቱ አትክልት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው» አለች።

የጋሽ ሃራላምፒ ፊት ጠቆረ። «አሃ! ይሄ ወይን ተሳስቷል በይኛ። መስቀል የነበረበት ቆቡን ሳይሆን ባለቆቧን ነበር።»

«ዛሬ እንኳ ለእርስዎ ብዬ አልመጣሁም፤ ወደ መናፈሻው ሳልፍ ነው የያዘኝ። ግን ካገኘሁዎት አይቀር እውነቱን ልንገርዎት። ስለዚህ ወይን ብዙ ሰው አቤት ብሏል። ከፋሲካ በኋላ ሠራተኞቹ በሞተር መጋዝ ሊመጡ ተወስኗል። እነሱ ደግሞ ይህ ይቆይ ያ ይውጣ አይሉም። ከግንዱ ነው።»

ጋሽ ሃራላምፒ በልጅቱና በግንዱ መሀል ገብተው ቆሙ። ባለቤታቸው ከሞተች በኋላ ልብሶቿን ለዘመድ ሰጥተዋል፤ ዶሮዎቿም አልቀዋል። የተከለችው፣ የዳሰሰችው፣ ሕይወት ያለው ነገር የቀራቸው ይህ ወይን ብቻ ነው። ስለዚህም ከሞተች ጀምሮ ሌላ እጅ እንዳይነካው ምለዋል።

ያም ሆኖ በቅዱስ ትሪፎን ቀን መንገደኛን አንድ ጉንጭ ሳያቀምሱ መሸኘት በዚያ ከተማ ነውር ነው፤ መንገደኛው የማዘጋጃ ቤት ሰው ቢሆንም እንኳ። «ቁሚ» አሉ ሽማግሌው እያጉረመረሙ። «መጀመሪያ ወይኑን ልግረዝና ትጠጪያለሽ፤ ከዚያ እንጣላለን።»

«ሊገርዙት ነው?» ካሊና ፊቷ በራ።

«ታዲያስ! እኔ በየዓመቱ እገርዘዋለሁ። አንድ ዓመትማ የከተማው የወይን ንጉሥ ተብዬ ተመርጬ፣ የወይን አክሊል ደፍቼ በትከሻ ተሸክመውኛል።»

ቆባቸውን አወለቁ። አማተቡ። አንድ ቀንበጥ ቀጭ አደረጉ፤ ሁለተኛ፤ ሦስተኛ። በቆረጡበት ላይ ወይን ጠጅ ጠብ ጠብ አደረጉና ከግንዱም ሥር አፈሰሱ። «ስንት ጠብታ፣ ያን ያህል ዘለላ!» ብለው መረቁ። ሦስቱን ቀንበጥ ጠምዝዘው ቆባቸው ላይ አሰሩ። መቀሱንም አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ካሊና ጠበቀች። ምንም የለም።

«ቀሪውስ?» አለች።

«የምን ቀሪ?»

«ይሄ ሁሉ ሐረግ ነዋ! ሦስት ቀንበጥ ብቻ ቆረጡ እኮ።»

«ሦስት ነዋ የሚቆረጠው። ባርኬዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ራሱን ያውቃል። ዕድሜ ልኬን እንደዚህ ነው ያደረግኩት፤ ዕድሜ ልኬን እንደ ጨዋ ልጅ ሥርዓቱን ይዞ ኖሯል። ያመፀው ፔንካ ከሞተች ወዲህ ነው። ሐዘን ነው የያዘው፤ ፍሬ እንኳ መስጠት ትቷል። ያዘነን ደግሞ በመቀስ አይቀጡትም።»

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በሽማግሌው ለመሳቅ አትቸኩሉ። ስንቶቻችን ነን መርቀን የተውነውን ሥራ እንደ ተሠራ የምንቆጥረው?

ካሊና አልሳቀችም። ኮዳውን ተቀብላ አንድ ጉንጭ ጠጣችና ከበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ይህ ሰፈር ድሮ እንዴት ነበር?»

ጥያቄው መልካም ጥያቄ ነበር። ጋሽ ሃራላምፒ ቁጣቸውን ረስተው አጠገቧ ተቀመጡ። «ምኑን ልንገርሽ ልጄ! በየበሩ ወይን ነበር። ከዚህ ጥግ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ፀሐይ ሳይነካሽ ትሄጂ ነበር። ሴቶቹ ወንበራቸውን እዚህ ያወጣሉ፤ በርበሬውን ጠብሰው ይልጣሉ፤ ጠረኑ እስከ ባቡር ጣቢያው ይደርሳል። እኔ ባቡር ነጂ ነበርኩ። ገና ከድልድዩ ማዶ ፊሽካዬን ስነፋ ፔንካ ትሰማና እንዲቀዘቅዝ ያስቀመጠችውን ሐብሐብ ከውሃ ጉድጓዱ ታወጣዋለች። ስመጣ ሁሉም እዚህ ጥላ ሥር ናቸው። ‹ንጉሡ መጣ፣ ተነሡለት!› ትላለች፤ ይስቁብኛል። ይኸው ዛሬ ቤቱ ተሽጦ፣ ወይኑ ተነቅሎ፣ በየደጁ መኪና ቆሟል። የቀረው ይሄ ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ እሱንም ቆርጣችሁ የብረት ዘንግ ልትተክሉበት ነው!»

«እኔም ወይኑን እንዲነቅሉት አልፈልግም» አለች ካሊና። «ጥላ የሌለው መንገድ ምን መንገድ ነው? በሐምሌ አስፋልቱ ሲግል የሚያበርደን እንዲህ ያለ ቅጠል ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በዚህ ጥላ ሥር ሰው ይቀመጥ ነበር አሉኝ። ዛሬስ ማን ይቀመጣል?»

«ማንም። ሰዎቹ የሉማ።»

«ሰዎቹማ አሉ። አስፋልቱ ላይ እየተጋፉ ሲሄዱ ከመስኮት ያዩዋቸዋል። መግቢያ አጥተው ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አስፋልቱን አዩ።

«ፍሬ መስጠት የተወውም በሐዘን አይደለም» አለች ካሊና ቀስ ብላ። «ወይን ሁሉንም እንጨት ልመግብ ሲል ለፍሬ የሚተርፈው ጉልበት አይኖረውም። ዘንድሮ የሚያፈራው አምና ባደገው እንጨት ላይ በሚወጣው ቀንበጥ ነው። እሱን አሳጥረው ቀንበጥ የሚፈነዳበትን ዓይን ሁለት ሁለት ይተዉለታል፤ የቀረውን ያነሡለታል። ያን ጊዜ ነፋስ ይገባዋል፣ ሻጋታ ይተወዋል፣ ዘለላውም ይሞላል። ከሰው ራስ በላይ ይውጣ፣ መብራቱን ይልቀቅ፣ ምልክቱን አይሸፍን፤ እኛ ከዚህ ሌላ የምንጠይቀው የለም። ይህን ካደረጉ ደግሞ መጋዙን እኔው ራሴ አስቀራለሁ።»

«አንቺ መጽሐፍ ነው ያነበብሽው። እኔ አብሬው ኖሬአለሁ። ሐዘን ላይ ነው ካልኩሽ ሐዘን ላይ ነው! ድሮ በመጋቢት ያለቅስ ነበር፤ ታውቂያለሽ? እንባው እዚህ መንገድ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ፔንካ ሰማያዊ ሳሕኗን ትደቅንበትና በውሃው ዓይኗን ትታጠባለች፤ ለዓይን ጥሩ ነው ትል ነበር። እሷ ከሞተች ግን አንድ ቀን አላለቀሰም። እንባው ደረቀ። እኔስ ብሆን...» ፊታቸውን አዞሩ።

ካሊና ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ጋሼ፣ በየዓመቱ ያለቅስ ነበር?»

«በየዓመቱ።»

«ሦስት ቀንበጥ ብቻ ቆርጠው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ወይን የሚያለቅሰው በተቆረጠበት በኩል ብቻ ነው። ያልቆረጡት ወይን አያለቅስም። ከሦስት ቀንበጥ የሚወጣው ልብ የማይባል ጠብታ ነው፤ ሳሕን አይሞላም።» ይህን ብላ የተዘረፈጠውን ሐረግ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች፤ የግንዱን አሮጌ ክንድ ይዛ የተላላጠውን ቅርፊት ጠረገችና፣ «ይምጡ፣ ይዩ!» አለች። «ይኸው ጠባሳ። ይኸው ሌላ። ይኼ ሁሉ የመቀስ ቦታ ነው፤ ዓመት በዓመት ላይ። እንዴት ያለ ንጹሕ እጅ ነው! ማን ነው የገረዘው?»

ጋሽ ሃራላምፒ መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያጠልቁ ድረስ ከአስፋልቱ በኩል የመኪና ፍሬን ሲጢጥ አለ። ጡሩምባም ተከተለ። ከዚያ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ፦

«ንፋ! ንፋ! የት ልሂድልህ? በሰማይ ልብረር?»

እትዬ ስቶይና ናቸው፤ የማዶዋ ጎረቤት፣ የፔንካ የልብ ጓደኛ። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው የዳቦ ከረጢት ይዘው፣ መሀል አስፋልት ላይ የቆመውን መኪና እየገላመጡ ወደ በሩ መጡ። ዳቦው መሬት ላይ ወድቆ ጎማ ሄዶበታል።

«ዛሬስ ለጥቂት ነው የተረፍኩት ሃራላምፒ! ልብሴን ነክቶኝ ነው ያለፈው።»

«መንገድ እያለልሽ አስፋልት ላይ ምን ወሰደሽ ስቶይና?» አሉ ጋሽ ሃራላምፒ፤ በድንጋጤ ሲናገሩ ቁጣ ነው የሚመስለው።

«መንገድ? የቱ መንገድ? ይሄ አንተ ጫካ ያደረግከው?»

ካሊና ሴትዮዋን ደግፋ አስቀመጠቻቸው፤ ውሃ ቢጠፋ ወይን ጠጁን አቀመሰቻቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስም፣ «እትዬ፣ ድሮ ይህን ወይን ማን ነበር የሚገርዘው?» አለች።

እትዬ ስቶይና ቀና ብለው ጋሽ ሃራላምፒን አዩ፤ ቆባቸው ላይ ያሰሩትን ሦስት ቀንበጥም አዩ። ከዚያ የተጨፈለቀውን ዳቦ አዩና ተናገሩ።

«በቃኝ! ፔንካ ትማረኝ። እሷ ለክብርህ ብላ ደበቀችው፤ እኔ ግን ለአንተ ክብር ብዬ መኪና አይበላኝም። አንተ ሦስት ቀንበጥህን ቆርጠህ፣ ከጓደኞችህ ጋር ጠጥተህ እየዘፈንክ ትገባለህ። እሷ፣ ተኩላ ይመጣል ተብሎ ሴት መቀስ የማትነካባቸው የተኩላ ቀኖች እስኪያልፉ ትጠብቅና፣ ባቡርህ ወደ ቡርጋስ ሲነሳ መሰላሉን ታወጣለች። አንድ ዓመት አልዘለለችም። መሰላሉን የምይዝላት እኔ ነበርኩ!»

«ውሸት!» አሉ ጋሽ ሃራላምፒ።

«ምድጃህ ውስጥ ይነድ የነበረው የወይን ጭራሮ ታዲያ ከየት ይመጣ ነበር?»

«ወንድሟ ከወይን እርሻው ይልክላት ነበር። እሷው ናት የነገረችኝ።»

«ወንድሟ? ወንድሟ ልብስ ሰፊ አልነበረም እንዴ?»

እውነት ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበር። ጋሽ ሃራላምፒ በዚያች ሰዓት የለበሱትን ካፖርት እንኳ የሰፋላቸው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ልብስ ሰፊው የወይን ጭራሮ ከየት እንደሚያመጣ አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም።

ሽማግሌው መጀመሪያ አፈሩ፤ ጆሯቸው ቀላ። ቀጥሎ ተናደዱ፤ ከሟች ጋር ግን እንዴት ይጣላል? «ለምን አልነገረችኝም?» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው አሳዛኝ ነበር።

እትዬ ስቶይናም አዘኑላቸው። «እኔም እንዲህ ብያት ነበር። ‹ተይው ስቶይና፣ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ጭስ ሲበላ ነው የሚከርመው፤ ለእኔ አንድ ቀን ንጉሥ ሆኖ ይግባልኝ› አለችኝ። ደስ ብሎህ ስትገባ ማየት ነበር የምትወደው።»

ጋሽ ሃራላምፒ ቆባቸውን አወለቁና ሦስቱን ቀንበጥ እያዩ አለቀሱ። አልደበቁትም፤ ሁለቱ ሴቶችም አላባበሏቸውም።

ቆይተው፣ «እኔ እጇ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነበር ያልነካሁት» አሉ።

ካሊና ክንዳቸውን ይዛ ወደ ግንዱ አስጠጋቻቸው፤ ጣታቸውንም ወስዳ ከአንዱ አሮጌ ጠባሳ ላይ አኖረችው። «እጇን ከፈለጉ እዚህ ነው ያለው ጋሼ። ከዚህ በታች የተዘረፈጠውን እሷ አይታው አታውቅም፤ ከሞተች በኋላ የመጣ ነው።»

ጋሽ ሃራላምፒ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠረጉና ወደ ግቢ ገቡ። ሲመለሱ መሰላል ተሸክመዋል።

«መቀሱን ለእኔ ይስጡኝ፤ ለእርስዎ ይከብዳል» አለች ካሊና።

«አይነካም!» ብለው ጮኹ እትዬ ስቶይና። «ዛሬ የተኩላ ቀን ነው። ሴት መቀስ አትነካም!»

«እትዬ፣ እዚህ ከተማ መሀል ተኩላ?»

«ከተማ አያውቅም ብለሽ ነው? ደግሞ ሃራላምፒ ራሱ ይሥራበት! ዕድሜ ልኩን ሲያርፍ ኖሯል።»

ካሊና ሳቀች። «እሺ፤ ለዛሬ የተኩላዎቹን ሕግ አከብራለሁ። እኔ ከታች እነግራለሁ፣ ጋሼ ከላይ ይቆርጣሉ።»

«መሰላሉስ?» አሉ ጋሽ ሃራላምፒ።

«መሰላሉ የእኔ ሥራ ነው» አሉ እትዬ ስቶይና። «ለምጄዋለሁ። አንተ ብቻ እላዬ ላይ እንዳትወድቅ፤ እሷ ቀላል ነበረች።»

እንዲህ ተጀመረ። ካሊና፣ «ያ የደረቀው ይውጣ፤ ያኛው ይቅር፤ ከዓይኑ ትንሽ ከፍ ብለው፣ ዘወር አድርገው፣ ውሃው ዓይኑ ላይ እንዳይወርድ» እያለች ከታች ትመራለች፤ ጋሽ ሃራላምፒ እየተሳሳቱም እየተቆጡም ይቆርጣሉ። አንዴ ምልክቱ ብቅ አለ፤ አንዴ የመብራቱ አምፖል። ከሥር የፈላው ቀንበጥ ተመንጥሮ ሲወጣ የድንጋይ ንጣፉ ታየ፤ በዚያም ላይ የፔንካ ወንበር እግር ያጎደጎዳቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ነበሩ። ሽማግሌው ከመሰላሉ ላይ ሆነው አይተዋቸው ለጥቂት ጊዜ መቀሱን አቆሙ።

ያን ዕለት ማታ መብራቱ ከስንት ጊዜ በኋላ በደጃቸው በራ። በሳምንቱ ጥጉ ላይ ያለው ዳቦ ጋጋሪ፣ ቁጥቋጦ አጥሩ መንገዱን እስከ ግማሽ የዋጠበት ሰውዬ፣ መቀስ ሊዋስ መጣ። ጋሽ ሃራላምፒ ራሳቸው አብረውት ሄዱ፤ ቆመውም፣ «ሦስት ቀንበጥ አይበቃም፣ ልንገርህ!» እያሉ አስተማሩት። ጋሪ የሚገፉ እናቶች ወደ ንጣፉ ተመለሱ። ማዶ የሚሻገር ሰው ምልክቱን፣ ሾፌሩም ሰውየውን ማየት ጀመረ። ጥላውም ቢሆን አልጠፋም፤ በበጋ ተመልሶ ይመጣል፣ ከሥሩም ወንበር ይገባል። ካሊናም ቃሏን ጠበቀች፤ የሞተር መጋዙ ወደዚያ በር አልመጣም። የተከሉትን መከርከም ለተክሉም ለመንገደኛውም ሕይወት ነው፤ ጋሽ ሃራላምፒ ይህን ዘግይተው ቢማሩትም ለመማር አልረፈደባቸውም።

መጋቢት ገባና ፀሐይ ሞቅ አለች። አንድ ጠዋት ጋሽ ሃራላምፒ ዳቦ ሊገዙ ከበር ወጥተው በወይኑ ሥር ሲያልፉ፣ አንድ ቀዝቃዛ ነገር በራሳቸው ላይ ጠብ አለ። ቀና አሉ። ሌላ ጠብታ ግንባራቸው ላይ ወደቀ። ወይኑ በቆረጡበት ሁሉ ያለቅሳል።

ዳቦውን ትተው ወደ ቤት ተመለሱ፤ ሰማያዊውን ሳሕን ከመደርደሪያው ጀርባ አወጡና አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው ከሐረጉ ሥር ያዙት። ሲጠራቀምላቸው በመዳፋቸው ዘግነው ዓይናቸውን ታጠቡ።

የምርኩዝ ድምፅ በንጣፉ ላይ ቀረበ። «ምን ገትሮሃል አንተ?» አሉ እትዬ ስቶይና። «መንገድ ልቀቅ እንጂ!»

«ዓይኔን እየታጠብኩ ነው።»

እትዬ ስቶይና ሳሕኑን አዩት፤ የሽማግሌውንም ዓይን አዩት። ፊታቸው ላይ የሚወርደው ውሃ ሁሉ የወይኑ እንዳልሆነ ገባቸው። ግን የዚያን ቤት ምሥጢር መጠበቅ የለመዱ ናቸውና ምንም አላሉም፤ አጠገባቸው ቆመው የራሳቸውን መዳፍ ዘረጉ።